ባይሞላስ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ዘንዘልማ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ባሕር ዳር መሃል ከተማ። ማታ ታክሲ የለም፣ ባጃጁም «ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም» ይላል። ፈረንሳይ ከከተማ ዳር የሚኖረው ወንድሜ ግን አውቶቡሱ ሰው ኖረም አልኖረም በሰዓቱ ይመጣል፣ የሚመራውም የጎረቤት ከተሞች ኅብረት ነው ይለኛል። ምን ዓይነት አሠራር ነው? እኛ ጋስ አይሆንም?

መልስ፦ ወንድምሽ ልክ ነው እህቴ። ፈረንሳይ ውስጥ ወደ 35 ሺህ የሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የአንድ መንደር ያህል ናቸው፣ ብቻቸውን አውቶቡስ ማሰማራት አይችሉም። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ተሰባስበው አንድ የጋራ ምክር ቤት ያቋቁማሉ፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ ከወጣለት በኋላ አሠራሩ ተስፋፋ። መስመሩንም፣ ታሪፉንም፣ የመጨረሻው አውቶቡስ የሚነሳበትን ሰዓትም የሚወስነው ይኸው ምክር ቤት ነው።

ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ከሚከፍለው ደመወዝ ላይ እየተሰላ ለትራንስፖርት ያዋጣል። ሠራተኛው በሰዓቱ ሲገባ የሚጠቀመው ቀጣሪውም ነዋ! ደንከርክ የምትባለው የወደብ ከተማና አካባቢዋማ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ አውቶቡሱን በነፃ አድርገውታል፤ ድሮም ከቲኬት የሚገኘው ከወጪው አሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የባጃጁ ሾፌር ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ነዳጁን ሞልቶ፣ ለባለቤቱ የቀን ገቢ አስገብቶ፣ የተረፈችውን ነው ለልጆቹ ይዞ የሚገባው። ማታ አንቺን ዘንዘልማ አድርሶ ባዶውን ይመለሳል፤ ለዚያ ባዶ መንገድ የሚከፍልለት ስለሌለ ሒሳቡን ካንቺ ይቀበላል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ተመርቆ መንገዱ ሰፍቷል፣ ይህን ሒሳብ ግን ድልድይ አይለውጠውም።

ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ ቢያንስ ወሳኙ አንድ ነው። ሐሙሲትና መርዓዊ ግን የሌላ ወረዳ ናቸው፣ ሰዉ ደግሞ ለሥራውም ለሕክምናውም የሚመጣው እዚሁ ነው። አስተዳደሮቹ አብረው ቢቀመጡና ትልልቅ ቀጣሪዎች ቢያዋጡ ይቻላል ባይ ነኝ፤ መጀመር ያለበትም ከማታው ጉዞ ነው፣ ሴቶች በጨለማ መንገድ ዳር የሚቆሙት ያኔ ነውና። የሥራ ባልደረቦችሽንና አሠሪያችሁን ይዘሽ ወደ አስተዳደሩ ሂጂ። «ታክሲ ይጨመርልን» ብቻ አትበሉ። ከዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት፣ ባይሞላም የሚነሳ አንድ መኪና ጠይቁ፤ የባዶውን ወንበር ሒሳብ ማን እንደሚችለውም እዚያው ተነጋገሩ።