ለድሬዋ እህት፦ «ሆርሞን ማጽጃ» ዱቄቱን ተዪው፣ ክሬሙን ግን አሳዪኝ

እህቴ፣ ለማርገዝ 14 ወር ሞክረን አልሆነም፣ ፔሬዴ በ38 ቀን ነው የሚመጣው፣ ፕላስቲክና ኬሚካል ሆርሞን ያዛባል ስለሚባል «ሆርሞን የሚያጸዳ» ዱቄት ልግዛ ወይ ብለሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከድሬው ታይዋን ገበያ የገዛሽውን የሚያቀላ ክሬም እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽዋል። እኔ ከእሱ ልጀምር።

1. ክሬሙ። ካርቶኑን አገላብጠሽ አንብቢ። «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪየስ ክሎራይድ» ወይም «አሞኒየትድ ሜርኩሪ» ካለበት ሜርኩሪ ነው። ብዙዎቹ ስሙን አይጽፉትም። ግን «ወርቅ፣ ብርና አሉሚኒየም እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካየሽ ጠርጥሪ፤ ሜርኩሪ ወርቅ ስለሚያበላሽ ነው የሚጽፉት። ቀለበቷን አውልቃ ፊቷን የምትቀባ ስንት አለች! ሜርኩሪ ስታረግዢ ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ በፎጣና በአንሶላም ለቤተሰብ ይተርፋል። ዛሬውኑ ይቁም። «ክሎቤታሶል» ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ ሰፊ ቦታ ላይ ለወራት ሲቀባ ወደ ደም ገብቶ የሰውነትን የራሱን ሆርሞን ያፍናል፣ ፔሬድም ያዛባል። ይሄንን በአንዴ አትጣዪው፣ ሐኪም ቀስ እያደረገ ያስቀንስሽ። ለሐኪሙም ካርቶኑን ራሱን ይዘሽ ሂጂ።

2. ዱቄቱ። የጠንካራ ፕላስቲኩ ቢፒኤ እና የሽቶና የለስላሳ ፕላስቲኩ ፋታሌት በአንድ ሁለት ቀን በሽንት ይወጣሉ፤ ጣጣው በየቀኑ መልሰን ማስገባታችን ነው። ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ ደግሞ በስብ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። የሚወጣው ያለ ዱቄቱ ይወጣል፣ የማይወጣው በዱቄቱም አይወጣም። አቦ፣ ብሩን ለላብራቶሪ አስቀምጪው።

ይልቅ መግቢያውን ዝጊ። ትኩስ ፉል ወይም ወጥ በፌስታል አታስቋጥሪ፣ የራስሽን የብረት ሳህን ይዘሽ ሂጂ። ሰማያዊው ትልቁ የውሃ ጋሎን ሥሩ ላይ 7 እና «ፒሲ» ካለበት ቢፒኤ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ በድሬ ፀሐይ ደጅ የዋለውን አትግዢ። የሃይላንዱ ፕላስቲክ (ቁጥር 1) ቢፒኤ የለውም፣ እሱን አትፍሪ። ከፊራ ገበያ ያገለገለ ጄሪካን ስትገዪ ምን እንደነበረበት ጠይቂ፤ የፀረ ተባይ ከነበረ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም። ጫት የምትቅሙ ከሆነም፣ በኢትዮጵያ ጫት ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ዲዲቲ ተገኝቷል፤ በውሃ የማይሟሟ ስለሆነ ማጠቡ ብዙም አያድንሽም። ሽቶና ሎሽን ቀንሺ፤ «ፓርፉም» ከሚለው ቃል ጀርባ ፋታሌት ሊኖር ይችላል።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ኬሚካል ሴትን ሊያመክን እንደሚችል በሰው ላይ ጥርት ብሎ የታየው በዲኢኤስ ነው፤ ለእርጉዞች ይሰጥ የነበረ ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ሲሆን፣ አሜሪካ በ1971 እ.ኤ.አ. ለእርጉዝ አይሰጥ አለች። ከሴት ልጆቻቸው ብዙዎቹ ማህፀናቸው ተዛብቶ ተወልደው ለመፀነስ ተቸግረዋል። የቢፒኤና የፋታሌት ጥናቶች ዝምድና ነው የሚያሳዩት፤ ያንቺ ችግር እሱ ነው ብሎ የሚፈርድ የደም ምርመራ የለም። ስለዚህ ፕላስቲክ እየጣልሽ ምርመራውን እንዳታዘገዪ።

3. ምርመራው፣ እና ብዙ ብር የሚበላው ስህተት እዚህ ነው። «ፕሮጄስትሮን በ21ኛው ቀን» ይሉሻል፤ እንቁላል መለቀቁን የሚያሳየው ሆርሞን ነው፣ ቀኑም ፔሬድ ከጀመረበት ይቆጠራል። 21ኛው ቀን ግን ፔሬዷ በ28 ቀን ለሚመጣ ሴት ነው። መለካት ያለበት ቀጣዩ ፔሬድ ሊመጣ 7 ቀን ሲቀረው ነው፤ ባንቺ 38 ላይ 31ኛው ቀን ይሆናል። በ21ኛው ከሰጠሽ ዝቅ ብሎ ይወጣና «እንቁላል አትለቂም» ተብለሽ ያለ ቦታው መድኃኒት ትጀምሪያለሽ። ካልኩሌተር አያስፈልገውም፣ ግን የሚያሰላልሽ የለም። ኤፍኤስኤችና ኤልኤች የሚባሉት የእንቁላል ሆርሞኖች ፔሬድ በመጣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ ታይሮይድና ፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) አብረው ይታዩ። ፔሬድሽ ስለሚርቅ ፒሲኦኤስ (እንቁላል መልቀቅን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) እንዳለ በአልትራሳውንድ ይታይ። በአፍሪካ ዋነኛው የሴት ምክንያት በኢንፌክሽን የተዘጋ የማህፀን ቱቦ ስለሆነ የቱቦ ራጁም አይቅር፤ ደሙ ከቆመ በኋላ፣ ፔሬድ ከጀመረበት ሲቆጠር ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ይሁን፣ እስከዚያ ግንኙነት አይኑር።

እና ባልሽ! ሴቷን ዓመት አመላልሰው እሱን አንድ ቀን የማይጠሩ ክሊኒኮች አሉ፤ በሰው ፊት «የመካንነት ነው?» ብሎ የሚጮህ ሪሴፕሽንም አታጪም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ በይው። የባልሽ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሁሉም ርካሽና ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ ይሁን። ከ2 እስከ 7 ቀን ይታቀብ፣ ላብራቶሪው በሰጠው ዕቃ፣ ያለ ሳሙናና ያለ ኮንዶም። ቤት ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ በባጃጁ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ከሸሚዙ ሥር ይያዘው። ውጤቱ ካላማረ ከ3 ወር በኋላ ይደገም፣ አዲስ ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃልና።