ኦስካርን ለመገመት መጀመሪያ ድምፅ ሰጪውን ይወቁ

ጤና ይስጥልኝ እኅቴ። በመሥሪያ ቤትዎ የኦስካር ግምት ውድድር እንደገቡ፣ ቅጹም በሁለት ዙር፣ አንዴ እጩዎች ከመታወቃቸው በፊት፣ አንዴ ደግሞ ከሽልማቱ ሌሊት በፊት እንደሚሞላ ጽፈዋል። ሁሉንም ፊልም ለማየት ጊዜ ስለሌለዎት «ከምን ልጀምር?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚህ አሜሪካ በምሠራበት ቢሮ በተመሳሳይ ውድድር ለዓመታት ተሳትፌአለሁ። አሸንፌበታለሁ፤ ካሸነፍኩ በኋላም ድሌን ሊነጥቁኝ ሞክረውብኛል። ስለዚህ ጥያቄዎን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ሁሉንም ፊልም ማየት አይጠበቅብዎትም፤ ማን ድምፅ እንደሚሰጥ ማወቅ ግን የግድ ነው። በጥር መጀመሪያ (ቀንና ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጎልደን ግሎብ የተባለው የፊልም ሽልማት ሲሰጥ ቢሮው ሁሉ ያንን ይዞ ቅጹን ይሞላል። ለጎልደን ግሎብም ሆነ ለሐያስያን ሽልማቶች ድምፅ የሚሰጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ጋዜጠኛ ደግሞ ኦስካርን በሚሰጠው የፊልም አካዳሚ ውስጥ ድምፅ የለውም። ኦስካርን የሚመርጡት ራሳቸው የፊልም ሠራተኞቹ ስለሆኑ ልብ ብለው መከታተል ያለብዎት የእነርሱን ማኅበራት ነው፦ የፕሮዲውሰሮችን፣ የዳይሬክተሮችንና የተዋንያንን። ከአካዳሚው አባላት ብዙዎቹ የእነዚህ ማኅበራት አባላትም ናቸው።

2. እጩነትና አሸናፊነት የሚወሰኑት በተለያየ መንገድ ነው። ለእጩነት ተዋንያን ተዋንያንን፣ ኤዲተሮች ኤዲተሮችን ይመርጣሉ፤ ምርጥ ፊልምን ግን ሁሉም አባል ይጠቁማል። በመጨረሻው ዙር ግን ሁሉም አባል በሁሉም ዘርፍ ድምፅ መስጠት ይችላል። በእጩነት ዙር ከአምስቱ ቦታዎች አንዱን ለማግኘት ከጠቅላላው ድምፅ ከስድስተኛው እጅ ጥቂት ማለፍ ይበቃል። በመሆኑም ሁሉም በመጠኑ ከሚወዳት ተዋናይት ይልቅ ጥቂቶች አንደኛ ብለው የሚሟገቱላት ትገባለች። ለዚህ የማነሣው ምሳሌ የኛዋን ሩት ነጋን ነው። አዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት የተወለደችው ሩት በ2017 «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ለምርጥ ተዋናይት ስትታጭ፣ የተዋንያን ማኅበር በዝርዝሩ አላስገባትም ነበር፤ ፊልሙም ከእርሷ በቀር ሌላ እጩነት አላገኘም። ማኅበሩ ያጫቸው ኤሚ አዳምስና ኤሚሊ ብለንት ቀርተው ሩትና ፈረንሳዊቷ ኢዛቤል ዩፔር ገቡ። ያን ጊዜ ሩትን በቅጼ ላይ ስጽፍ «የሀገርህ ልጅ ስለሆነች ነው» ተብያለሁ። ወገኔ ስለሆነች ደስ እንዳለኝ አልክድም፤ የጻፍኳት ግን ፊልሙን ያዩ ተዋንያን ስለ እርሷ የሚናገሩትን አንብቤ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ከአምስቱ አራቱን ከተዋንያን ማኅበር ዝርዝር ይውሰዱ፤ አምስተኛዋን ግን በትንሽ ፊልም ላይ ትልቅ ሥራ ከሠሩት መካከል ይፈልጉ።

በዚሁ ዙር በታኅሣሥ የሚወጣውን የአካዳሚውን የመጀመሪያ ማጣሪያ ዝርዝር ሳያዩ አንድም ነገር እንዳይጽፉ። የዓለም አቀፍ ፊልም፣ የዘጋቢ ፊልም፣ የአጫጭር ፊልሞች፣ የሙዚቃና የሜካፕ ዘርፎች በዚያ ይጣራሉ፤ በዝርዝሩ የሌለ ፊልም እጩ ሊሆን አይችልም። ለዓለም አቀፍ ፊልም እያንዳንዱ አገር አንድ ፊልም ብቻ ይልካል፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አምስት፣ በመጨረሻም አምስት ይቀራሉ። ኢትዮጵያ በ2014 «ድፍረት»ን፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ «ላምብ»ን ልካ ሁለቱም ከአምስቱ አልደረሱም። «ድፍረት» በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘ፣ «ላምብ» ደግሞ በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበርና ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ልባችን ተሰብሯል። ዘጋቢ ፊልም ላይ ደግሞ የሕዝብን ፍቅር አይመኑ፤ የዘርፉ መራጮች ሁሉም ያደነቀውን ሥራ መተው ልማዳቸው ነው። በ2019 ከየአቅጣጫው ሽልማት ሲያፍስ የከረመው «ዎንት ዩ ቢ ማይ ኔበር» ለእጩነት እንኳን አልበቃም።

3. ሁለተኛውን ቅጽ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ አይስጡ። ይህንን ምክር አጥብቄ የምሰጥዎት በ2022 የሆነውን ስላየሁ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን ከነዝርዝሩ ልንገርዎት።

በዚያ ዓመት «ዘ ፓወር ኦፍ ዘ ዶግ» በ12 እጩነት ይመራ ነበር። ጎልደን ግሎብን፣ የሐያስያንን ሽልማትና የእንግሊዞቹን ባፍታ ወስዷል፤ ጄን ካምፒዮንም የዳይሬክተሮችን ማኅበር ሽልማት ወስዳለች። መስማት የተሳናቸው ቤተሰብ ታሪክ የሆነው «ኮዳ» ግን እጩነቱ ሦስት ብቻ ነበር፤ ለዳይሬክቲንግም ሆነ ለኤዲቲንግ አልታጨም። የቢሮዬ ሰዎች እጩነት ቆጥረው ቅጻቸውን በመጋቢት መጀመሪያ አስገቡና ነገሩን ረሱት። እኔ ግን ቀኖቹን እየቆጠርኩ ጠበቅሁ። የካቲት 27 የተዋንያን ማኅበር የቡድን ሽልማቱን ለ«ኮዳ» ሰጠ፤ ትሮይ ኮትሰርም በረዳት ተዋናይነት አሸነፈ። ባፍታ ምርጥ ፊልም ሌላ ቢልም የፊልም ጽሑፉን ለ«ኮዳ» ሸለመ። የኦስካር ድምፅ መስጫ ከመጋቢት 17 እስከ 22 ክፍት ነበር፤ የፕሮዲውሰሮች ማኅበር ደግሞ ሽልማቱን ለ«ኮዳ» የሰጠው መጋቢት 19 ቀን፣ ማለትም አባላቱ ገና ድምፅ እየሰጡ ሳለ ነው።

የፕሮዲውሰሮቹ ሽልማት ለምን ትልቅ ክብደት እንዳለው የሚገባዎት የአቆጣጠሩን ሥርዓት ሲያውቁ ነው። በሌሎቹ ዘርፎች ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ለምርጥ ፊልም ግን መራጩ አሥሩን ፊልም ከአንድ እስከ አሥር በደረጃ ያስቀምጣል፤ ከግማሽ በላይ የአንደኝነት ድምፅ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ፊልም ይወድቅና የመራጮቹ ወረቀት ወደ ቀጣዩ ምርጫቸው ይሄዳል፤ አንዱ ፊልም ከግማሽ እስኪያልፍም እንዲሁ ይቀጥላል። በዚህ ሥርዓት ግማሹ የሚወደውና ግማሹ የማይዋጥለት ፊልም ይወድቃል፤ ሁሉም ሁለተኛና ሦስተኛ የሚያደርገው ፊልም ያልፋል። የፕሮዲውሰሮች ማኅበርም ከ2009 ጀምሮ ምርጥ ፊልሙን የሚመርጠው በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ ለምርጥ ፊልም ከእርሱ የተሻለ ምልክት የለም። በ2017 «ላ ላ ላንድ»ን፣ በ2020 «1917»ን መርጦ ስቷል፤ ከ2021 እስከ 2025 ድረስ ግን አምስቱንም ዓመት ከኦስካር ጋር ተስማምቷል።

እኔም «ኮዳ»ን ለምርጥ ፊልም፣ ለረዳት ተዋናይና ለፊልም ጽሑፍ፣ ካምፒዮንን ለዳይሬክተርነት ጽፌ ዓርብ ከሰዓት፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ፣ ወረቀቱን ለሰው ኃይል ክፍሏ አስተባባሪ በእጇ ሰጠሁ። እሑድ ማታ «ኮዳ» የታጨበትን ሦስቱንም ወሰደ፤ «ዘ ፓወር ኦፍ ዘ ዶግ» ከ12ቱ የዳይሬክቲንጉን ብቻ ይዞ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ውጤቱን ልጠይቅ ስሄድ አስተባባሪዋ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ወረቀቴ በአቃፊው ውስጥ እንደሌለ ነገረችኝ። ከመስጠቴ በፊት በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ ከነሰዓቱ አሳየኋት። እርሷ ግን ሰው በተሰበሰበበት «ይህንን ፊልም ቀድሞ የሚገምት ሰው የለም፤ ካየህ በኋላ ነው የሞላኸው» አለችኝ። በዚያ ቢሮ የሠራሁት ዓመት ሁሉ በዚያች ደቂቃ መና ቀረ። ወረቀቱን ስሰጥ ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረ ባልደረባዬ መስክሮልኝ፣ ወረቀቱም በሌላ አቃፊ ውስጥ ተገኝቶ ሽልማቱ ተሰጠኝ። ይቅርታ ግን አልተጠየቅሁም፤ የአሸናፊው ስም በየዓመቱ ለሠራተኛው በሚላከው መልእክት ላይም የእኔ ብቻ አልወጣም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ለዚህ ነው ቅጹን በኢሜይል እንዲልኩ፣ «ደርሶኛል» የሚል መልስም ሳይቀበሉ እንዳይቀመጡ የምለምንዎት። እኩል ነጥብ ቢመጣ ማን እንደሚያሸንፍም ከወዲሁ በጽሑፍ ያስወስኑ።

ወደ ተዋንያኑ ልመለስ። ጎልደን ግሎብና የተዋንያን ማኅበር አንድ ሰው መርጠው ባፍታ ሌላ ሰው ሲመርጥ፣ ባፍታን በቀላሉ አይለፉት፤ ብዙ የአካዳሚው አባላት በእንግሊዝና በአውሮፓ ይኖራሉ። በ2019 ግሌን ክሎዝ ጎልደን ግሎብንና የተዋንያን ማኅበርን ሽልማት ወስዳ ባፍታ ለኦሊቪያ ኮልማን ሲሰጥ ኦስካርም ኮልማንን ተከተለ። በ2021 ቻድዊክ ቦዝማን እንደሚያሸንፍ ዓለም ሁሉ እርግጠኛ ሆኖ፣ ዘርፉም በሥርዓቱ መጨረሻ እንዲታወጅ ተደርጎ ሳለ፣ ባፍታን የወሰደው አንቶኒ ሆፕኪንስ አሸነፈ። በ2025ም የተዋንያን ማኅበር ዴሚ ሙርን መረጠ፤ ባፍታና ኦስካር ግን ሚኪ ማዲሰንን። በአንጻሩ በ2023 ባፍታ ኬት ብላንሸትን መርጦ ኦስካር ከተዋንያን ማኅበር ጋር ወደ ሚሼል ዮ ሄዷል። እኔ በእንዲህ ያለ ፍክክር የማየው የማንኛዋ ፊልም ለምርጥ ፊልም ይበልጥ እንደተጠጋ ነው፤ የማዲሰን «አኖራ»ም ሆነ የዮ ፊልም በየዓመታቸው ምርጥ ፊልም ሆነዋል። ለምርጥ ፊልም ግን ባፍታን አይከተሉ፤ በ2025 «ኮንክሌቭ»ን መርጦ ዋንጫውን «አኖራ» ወስዷል።

እጩዎች ከታወቁ በኋላም ዓመቱ እንዳለቀ አይቁጠሩ። በ2025 «ኤሚሊያ ፔሬዝ» በ13 እጩነት ሲመራ፣ እጩነቱ በታወቀ በቀናት ውስጥ የዋና ተዋናይቷ የቆዩ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎች ወጡ። ድምፅ መስጠት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ስለነበር፣ ሁሉም እጁ ላይ ያለ ያህል የቆጠረው የዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማት ወደ ብራዚሉ «አይም ስቲል ሂር» ሄደ። ያን ጊዜ ቅጻቸውን በጥር የዘጉ ሁሉ ያንን ዘርፍ አጡት።

ነጥብ የሚለያዩት ግን በመጨረሻ አጫጭር ፊልሞቹና አኒሜሽኑ ናቸው፤ ምክንያቱም ትልልቆቹን ዘርፎች ተፎካካሪዎችዎም ያውቋቸዋል። በ2025 ቢሮዬ በሙሉ «ዘ ዋይልድ ሮቦት»ን ጻፈ፤ ፊልሙ የአኒሜሽን ባለሙያዎችን ሽልማት ጠራርጎ ወስዶ ነበርና። እኔ የላትቪያውን «ፍሎው» ጻፍኩ። አንድም ቃል የማይነገርበት፣ ብሌንደር በተባለ ነፃ ሶፍትዌር የተሠራ ሥራ ነው፤ ከአኒሜሽን በተጨማሪ ለዓለም አቀፍ ፊልምም ስለታጨ በሁለት ዘርፍ መራጮች ፊት ቀርቧል። ለላትቪያም የመጀመሪያውን ኦስካር አስገኘላት።

ከ98ኛው የኦስካር ሥነ ሥርዓት (2026) ጀምሮ አንድ አባል በአንድ ዘርፍ ድምፅ ለመስጠት በዚያ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየቱን ማረጋገጥ አለበት። በእኔ ግምት ይህ ሕግ የሚጎዳው ሰው ሳያየው በስሙ ብቻ የሚመርጠውን ፊልም ነው፤ በተለይ በአጫጭር ፊልሞች ላይ ታዋቂ ስም ያለበትን ከመጻፍ ይጠንቀቁ። እነዚህን ጥቂት ደቂቃ የሚወስዱ ፊልሞች ግን ራስዎ ይዩአቸው፤ ጊዜ ባይኖርዎትም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብዛኛውን ይጨርሱታል። በቅርቡ የተጨመረው የተዋንያን ምርጫ (ካስቲንግ) ዘርፍ፣ ማለትም ለፊልሙ ተዋንያንን የመረጠው ባለሙያ የሚሸለምበት፣ ደግሞ የሚመዘንበት የቆየ ታሪክ ስለሌለው፣ ለጊዜው በምርጥ ፊልም ላይ ጠንካራ ከሆኑት መካከል ተዋንያኑ የበዙበትን ይጻፉ።

ሁለተኛው ቅጽ ሲሰጥዎት የፕሮዲውሰሮችና የተዋንያን ማኅበራት ሽልማት ቀን መቼ እንደሆነ፣ ቀነ ገደቡም ከእነርሱ በፊት ይሁን በኋላ እዚህ ቡድን ላይ ይጻፉልኝ። በፊት ከሆነ አስተባባሪው እንዲያራዝመው ከባልደረቦችዎ ጋር ሆነው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አላራዝምም ካለም እያንዳንዱን ዘርፍ አብረን እናየዋለን።