ካፒታል፣ የኩባንያ ጉልበትና ግሎባላይዜሽን፦ የላካችሁት ጥያቄና የኔ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፣ ገንዘብ ለምን እዛው ገንዘብ ያለበት ይከማቻል ነው ነገሩ፣ ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው። አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባንክ ያስቀመጥኩት ብር ካፒታል ነው?

ብር ስለሆነ ብቻ ካፒታል አይሆንም። ጫማ ልትገዛበት ያስቀመጥከው ብር መጥፊያውን ሚጠብቅ ብር ነው፣ ካፒታል ሚሆነው ሌላ ብር እንዲወልድ ሲሰማራ ነው፣ ማለትም ማሽን ይገዛበታል፣ ሰው ይቀጠርበታል፣ የተመረተው ይሸጥና ከወጣው በላይ ይመለሳል፣ ትርፉ ደግሞ ተመልሶ እዛው ይገባል፣ ይሄ ዙር ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው የካፒታል ክምችት ሚባለው። ያንተን ቁጠባ ባንኩ ለፋብሪካ ካበደረው በነሱ እጅ ካፒታል ሆኖ ይሰራል፣ ብሩ ያንተ ነው ውሳኔው ግን ያንተ አይደለም። ብላክሮክ ሚባለውን የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ተመልከቱ፣ ከ10 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ያስተዳድራል፣ አብዛኛው ግን የራሱ ሳይሆን የጡረታ ፈንዶችና የሌሎች ቆጣቢዎች ገንዘብ ነው፣ በየኩባንያው የባለአክሲዮን ስብሰባ ላይ ግን ባብዛኛው ድምፅ ሚሰጠው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አፕል ከብዙ አገሮች ይበልጣል ሲባል እሰማለሁ፣ ልክ ነው?

ንፅፅሩ ልክ አይደለም። ከ3 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሚባለው የአፕል አክሲዮን ጠቅላላ ዋጋ ነው፣ የአገር ጂዲፒ ደግሞ በአንድ አመት የተመረተው ነው፣ የአንዱን ሰው ቤት ዋጋ ከሌላው ሰው የአመት ደሞዝ ጋር እንደማወዳደር ማለት ነው። የኩባንያ ጉልበት በዚህ አይለካም።

ጥያቄ፦ እና ጉልበታቸው ከየት ነው ሚመጣው? መንግስት አይበልጥም እንዴ?

ይሄ ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ብዙ ሰው ኩባንያና መንግስትን እንደ ሁለት ተፋላሚ ነው ሚያያቸው፣ ታሪኩ ግን ሌላ ነው፣ ኩባንያን የፈጠረው ህግ ነው። የእንግሊዙ ምስራቅ ህንድ ኩባንያ በ1600 ከንግስቲቱ በተሰጠው ቻርተር (የንግስና ፈቃድ) ነው በምስራቁ ንግድ ላይ ሞኖፖል፣ ማለትም ብቻውን የመነገድ መብት ያገኘው፣ ከ200 አመት በኋላ የራሱ ሩብ ሚሊዮን ያህል ወታደር ነበረው፣ ግብር ይሰበስባል፣ አገር ይገዛል፣ ህንድ ውስጥ ከተነሳው የ1857 አመፅ በኋላ ግን መንግስት ስልጣኑን በአዋጅ ወሰደበት። በ1855 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ኩባንያው ቢከስር ባለአክሲዮኑ ካዋጣው በላይ እንዳይጠየቅ ሚያደርግ ህግ ወጣ። ይሄ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ትርፉ ያንተ፣ ከተወሰነ በላይ ያለው ኪሳራ ግን የአበዳሪና የሰራተኛ።

ዛሬ ያው ስጦታ በኢንቨስትመንት ስምምነት በኩል ይመጣል፣ ማለትም አገሮች የውጭ ኢንቨስተርን ለመጠበቅ እርስ በርስ በሚፈራረሙት ውል። ኡራጓይ የሲጋራ ፓኬት 80 በመቶው በጤና ማስጠንቀቂያ ይሸፈን ብላ ህግ ስታወጣ የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ በ2010 አለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ፊት አቆማት፣ ውሳኔው በ2016 መጣ፣ ኡራጓይ አሸነፈች፣ ኩባንያው 7 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንዲከፍላት ተወሰነ። ደስ ይላል፣ ግን አስቡት፣ ስድስት አመት! አውስትራሊያም በተመሳሳይ ነገር ተከሳ ስለነበር ኒውዚላንድ የዛ ክስ መጨረሻ እስኪታወቅ የራሷን ህግ አቆይታለች፣ ማለትም ክሱ ሳይፈረድም ስራውን ይሰራል። ኢንቨስተሩ አገርን እዛ መክሰስ ይችላል፣ በኩባንያው የተጎዳ ዜጋ ግን እዛው በር ላይ ሄዶ መክሰስ አይችልም። እኔን ሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ኩባንያዎች ታክስ እንዴት ያመልጣሉ?

ባጭሩ ራሳቸው ለራሳቸው ይሸጣሉ። ታክስ ዝቅተኛ የሆነበት አገር ያለው ቅርንጫፍ የብራንዱና የፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) ባለቤት ይሆናል፣ ሌሎቹ ቅርንጫፎች ለሱ ይከፍላሉ፣ ትርፉ ወደዛ ይሄዳል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 አፕል ለአየርላንድ ያልከፈለውን 13 ቢሊዮን ዩሮ ታክስ ይመልስ አለ፣ ሚገርመው ገንዘቡ ሚመለስላት አየርላንድ ራሷ ይግባኝ ጠየቀች፣ በ2024 የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ አፀናው። በ2021 ከ130 በላይ አገሮች ቢያንስ 15 በመቶ ታክስ ይከፈል ብለው ተስማምተዋል፣ ለኔ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ወለል መኖሩ ከምንም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ግሎባላይዜሽን ለሰራተኛው ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

ሁለቱንም፣ ግን ማን ምን እንዳገኘ እንይ። በ1956 ዘመናዊ ኮንቴይነሮች በመርከብ መጫን ከጀመሩ በኋላ እቃ ማጓጓዝ በጣም ረከሰ፣ ቻይና በ2001 የአለም ንግድ ድርጅት ስትገባ ደግሞ ብዙ ፋብሪካ ጠቅልሎ ወደዛ ሄደ፣ እዛ ብዙ ሚሊዮን ሰው ከድህነት ወጣ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ከተሞች ስራ አጡ። እቃና ገንዘብ ድንበር ይሻገራል፣ ሰራተኛው ግን ቪዛ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ደሞዝ ሲጠይቅ ፋብሪካውን እናነሳለን ይባላል።

ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ ሚባለው የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት ህንፃ በ2013 ሲደረመስ 1,134 ሰው ሞተ። ከአንድ ቀን በፊት ህንፃው ሲሰነጠቅ ታይቷል፣ ህንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሰራተኞቹን አስወጣ፣ የልብስ ፋብሪካ ሰራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። ከአደጋው በፊት ለአመታት ልብሱን ሚገዙት ብራንዶች የራሳቸው ኢንስፔክሽን (የፋብሪካ ፍተሻ) ነበራቸው፣ በህግ ማንንም አያስገድድም ነበር። ከአደጋው በኋላ ነው ብራንዶቹ ከሰራተኛ ማህበራት ጋር በህግ አስገዳጅ የሆነ የደህንነት ስምምነት የፈረሙትና ኢንጂነሮች ከ1,500 በላይ ፋብሪካ ገብተው ሽቦውን፣ ምሰሶውን፣ የእሳት መውጫውን ያዩት።