ቲቢው ከሥራሽ ይዞሽ «ከየትም ሊይዝሽ ይችላል» ካሉሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የሳንባ ሕሙማን ክፍል ስትሠሪ ቲቢ ያዘሽ፤ ካሳ ስትጠይቂ «ከየትም ሊይዝሽ ይችላል» አሉሽ። እኔንም እንደዚሁ ብለውኛል፤ ካሳዬን ግን ተቀብያለሁ።

1. የካሳ ማመልከቻ ቅጹ ላይ «አደጋው የደረሰበት ቀንና ሰዓት» የሚለውን በግምት እንዳትሞዪው። ያ ከመሰላል ለወደቀ ሰው የተዘጋጀ ጥያቄ ነው። ቲቢ ሰውነት ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል፤ የገባበትን ሰዓት ማን ያውቃል? ቅጹን የምትቀበለው ሠራተኛ ግን «ቀን ከሌለው አደጋ አይደለም» ብላ መልሳ ወረወረችልኝ። መድኃኒቱ አድክሞኝ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ተቀመጪ እንኳ አላለችኝም። እዚያው ቆሜ «በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ» ብዬ ጻፍኩበት፤ በቀኑ ቦታ ሐኪም በሽታውን ያረጋገጠበትን ቀን አስገባሁ። በብዙ አገር የማመልከቻው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ጭራሽ «ለጤና ሠራተኛ በሽታ የሥራው ባሕርይ ነው» አለችኝ። ታዲያ ካሳ የሚከፈለው ለዚሁ አይደል! ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የሥራ ነክ በሽታዎች ዝርዝር ቲቢ ከሄፓታይተስ፣ ከኤችአይቪና ከአንትራክስ ጋር በስሙ ተጽፏል። አትሜ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት።

2. የሐኪም ወረቀትሽ «ቲቢ አለባት» ብቻ ካለ መልሰሽ ውሰጂው። ሥራሽ፣ የምትንከባከቢያቸው ሕሙማን ዓይነት፣ ከሥራ የመምጣቱ ዕድል እንደሚያመዝን ይጻፍልሽ።

ክርክሩን የዘጋልኝ ግን ስቀጠር የተደረገልኝ የቲቢ የቆዳ ምርመራ ነው። ኔጌቲቭ ነበር። ሰው ከተያዘ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ የምርመራው ውጤት ወደ ፖዘቲቭ ስለሚለወጥ፣ ስገባ ነፃ እንደነበርኩ ያሳያል። የሰው ሀብት ክፍሉ «ፋይሉ የለም» አለኝ፤ ላቦራቶሪው መዝገብ ላይ ግን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የኔ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነበር፤ በክፍላችን ተኝቶ ከነበረ ታካሚ ጋር የማይሠሩልን መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ሆኑ። የታካሚውን ስም ሳልጠራ፣ ተረኛ የነበርኩባቸውን ቀናት ዝርዝር አያይዤ አቀረብኩ። «ከየትም» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። ያንቺም አክታ ካልቸር (ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ መመርመር) ተደርጎ ከሆነ ውጤቱን ዛሬውኑ ጠይቂ።

እምቢ ካሉሽ በቃል አትቀበዪ፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ ይስጡሽ፣ ይግባኝሽንም ሳትዘገዪ አስገቢ። የላቦራቶሪውን ወረቀት ስታገኚ ጻፊልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እናየዋለን።