ከማትሪክ በፊት የተሰጠ ስም

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስጠናለሁ። በቅርቡ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጓደኞቿ እስኪወጡ ጠብቃ «ጋሼ፣ ይሄን ፈተና ከወደቅሁ እኔ ማነኝ?» አለችኝ። ዝም አልኳት። የምመልሰው አጥቼ አልነበረም፤ ድሮ የማውቀው አንድ ልጅ ፊቴ ድቅን ብሎብኝ ነው። መልሴን ለእሷም ለእናንተም እዚሁ ልጻፈው።

ጭንቀቷ ከንቱ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ዕድሜዬን መንገድ ስሠራ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ ከ100 መኪና 96ቱ የሚገለበጥበት መንገድ ቢኖር መጀመሪያ የምመረምረው መንገዱን ነው። በየቤቱ ግን የተፈረደው በልጆቹ ላይ ነው።

ያ ልጅ ጓደኛዬ ነበር። ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ አብረን ተምረን በ1973 ዓ.ም. አብረን ማትሪክ ተፈተንን። አባቱ መሪጌታ ናቸው። እሱ አስኳላ ሳይገባ ዳዊት ደግሟል። ሒሳብ የሚያስረዳንም እሱ ነበር፤ ማታ ማታ እነሱ ቤት ኩራዝ ዙሪያ ተኮልኩለን እናጠናለን፣ እናቱ የሽንብራ ቆሎ ያቀርቡልናል። አንድ ጥያቄ ሲገባን ከእኛ ይልቅ ደስ የሚለው እሱን ነበር። እንደዚያ ያለ አስተማሪ በኋላ ዩኒቨርሲቲም ገብቼ አላገኘሁም።

ውጤቱ የተለጠፈው ግድግዳ ላይ ነው። ተጋፍተን አየን። የእኔ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ አስገባኝ፤ የእሱ አላስገባውም። በፈተናው ሰሞን ወባ ይዞት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግድግዳው ላይ ግን ወባ አይጻፍም። ከኋላችን አንዱ የእሱን ነጥብ ጮክ ብሎ አነበበው፤ የሳቀም ነበር። እሱ ወረቀቱን አንዴ አይቶ ወጣ። መሪጌታ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ይጠብቁታል። ሲያልፍ በክርስትና ስሙ ጠሩት፤ ሁልጊዜም የሚጠሩት በዚያ ስም ነው። ያን ቀን ግን አቤት አላለም። አንገቱን ደፍቶ አለፋቸው።

ብዙም ሳይቆይ ሌሊት ተነሥቶ ጠፋ። ወደ ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ሄደ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም።

ዓመታት ሲያልፉ ዘመድ አዝማዱ «ፍትሐት ይደረግለት፣ ተዝካሩ ይውጣ» እያለ መሪጌታን ይወተውታቸው ጀመር። እምቢ አሉ። የልጄ ስም በጸሎት የሚነሣው ከሕያዋን ጋር ነው ብለው ቆረጡ። ተመርቄ ሥራ ይዤ ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ ያን ስም የተቀበለው በአርባ ቀኑ ነው። ያን ጊዜ ምን ያውቅ ነበር? ጡት መጥባት ነው የሚያውቀው። እግዚአብሔር ልጄ ያለውን ማን ወደቀ ይለዋል?» ያን ቀን ደጃፍ ላይ ቆመው ሊነግሩት የፈለጉት ይህን እንደነበር ያኔ ገባኝ። እሳቸውም ልጃቸውን ሳያዩ ዐረፉ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ቃሉ ለእኔ ደረሰ፣ ለባለቤቱ አልደረሰም።

በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ለሰው ሁሉ ስም ይወጣለት ነበር። አንዱ ተራማጅ፣ ሌላው አድኃሪ፣ ሌላው ንዑስ ከበርቴ። ማዕተባችንን ከኮሌታችን ሥር የምንደብቅ ብዙ ነበርን፤ እናቴ ግን ገበያም ስትሄድ በግልጽ አውጥታው ነበር የምትሄደው። ዛሬ ደግሞ የእናንተ ስም ብሔራችሁ፣ ውጤታችሁና የቲክቶክ ተከታያችሁ ብዛት ሆኗል። ይህን ሁሉ ስም የሚሰጠው ሰው ነው፤ ሲፈልግም መልሶ ይነጥቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ከእስራኤል ትውልድ፣ ከብንያም ወገን፣ በሕግም ፈሪሳዊ መሆኑን ይቆጥርና ክርስቶስን ለማግኘት ሲል ሁሉንም እንደ ጉድፍ ይቆጥረዋል። ዘሩንም ትምህርቱንም አልካደም፤ ክብሩን ግን እነሱ ላይ አላቆመውም።

ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ስትዘምሩ ይህን ልብ በሉ። ጌታችን ከዮርዳኖስ ሲወጣ አብ ከሰማይ «በእርሱ ደስ የሚለኝ የምወደው ልጄ ይህ ነው» አለ። ይህ ሲባል ገና አንድ ድውይ አልፈወሰም፣ በተራራው ላይም አላስተማረም። እሱ የባሕርይ ልጅ ነው፤ እኛ ደግሞ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን በጥምቀት የጸጋ ልጅነት ተሰጥቶናል፣ ምንም ሳንሠራ። ኢሳይያስም «በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» ሲል ከስሙ ጎን ነጥብ አልጻፈበትም።

እንግዲያው ማጥናት ምን ያደርጋል የሚል ካለ ቅዳሜ እኔ ጋ አይምጣ። ውጤት ማንነታችሁ አይደለም እላችኋለሁ፤ ውጤት የወጣ ዕለት ደግሞ ስንት አመጣችሁ ብዬ ቀድሜ የምደውለው እኔ ነኝ። ሁለቱም ከልቤ ነው።

የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ትቆያላችሁ፣ ጸሎት ላይ ትቸኩላላችሁ፤ ይሄ ያሳዝነኛል። ግን ያቺ ልጅ ጠየቀች። የእኔ ትውልድ አይጠይቅም ነበር፤ ዋጥ አድርጎ ሌሊት ይሄድ ነበር። በዚህ ትበልጡናላችሁ። ሲከብዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፣ ለእኔም ንገሩኝ፤ ብቻችሁን አትያዙት።

ጓደኛችሁ ወድቆ እንደሆነም «ለበጎ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ይህን አባባል እኔ አልወደውም፤ የተጎዳን ሰው ቶሎ ዝም ለማሰኘት ነው የሚያገለግለው። ቤቱ ድረስ ሂዱ። የክርስትና ስሙን የምታውቁ ከሆነ በዚያ ጥሩት። አቤት ባይል እንኳ ተከተሉት። ስለ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) እና ዳግመኛ ስለመፈተን ማውራቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።