«ፕሮግራም አለን» ለሚል የጤና ቢሮ ምን ጥያቄ ይቅረብ?

እህቴ፣ የሜሪላንድ ካውንቲ ጤና ቢሮዎች ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመከላከል ያላቸውን አቅም ለማስተርስ ጽሑፍሽ በምን መጠይቅ እንደምትለኪ ጠይቀሻል። እዚሁ አሜሪካ በካውንቲ ጤና ቢሮ እየሠራሁ እንዲህ ያሉ መጠይቆችን ስሞላ ስለኖርኩ የማውቀውን ልበልሽ።

በመጀመሪያ አቅምን በሕዝቡ ክብደት አትለኪ። ውፍረት ከገቢ፣ ከዕድሜና ከሰፈር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቢሮው ጎበዝ ሆኖም ቁጥሩ ላይወርድ ይችላል። ሲዲሲ (የአሜሪካ የፌዴራል የበሽታ መከላከያ ማዕከል) በስልክ የሚያሰባስበው መረጃም ሰው ስለራሱ የነገረው ቁመትና ክብደት ነው፤ ኪሎውን ቀነስ አድርጎ የማይናገር ስንቱ ነው?

«የውፍረት መከላከያ ፕሮግራም አላችሁ?» የሚለውንም ተዪው፤ መልሱ «አዎ» ነው። ጉዱ የሚወጣው «ማን ይሠራዋል? ደመወዙ ከየትኛው በጀት ይወጣል? ባለፈው ወር ስንት ሰዓት ሠራበት?» ስትዪ ነው። ብዙ ጊዜ ስሟ የሚጠራው የዊክ (WIC፣ የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ ፕሮግራም) የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ናት። የዊክ ገንዘብ ግን ለነፍሰ ጡሮች፣ ለወላዶችና ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የተመደበ የፌዴራል ገንዘብ ነው። በእሱ የምትከፈል ሠራተኛ ትምህርት ቤት ሄዳ ስለ ለስላሳ መጠጥ ስትከራከር መዋል አትችልም። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንድ ሙሉ ባለሙያ፣ በተግባር የተራረፈ ሰዓት። «ግራንቱ (ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ) ሲያልቅ ማን ይቀራል?» የሚለውን እንዳትረሺ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ቀጥሎ ሥልጣን። ውፍረትን የሚነካው ብዙ ነገር በጤና ቢሮው እጅ አይደለም። የእግረኛ መንገድ የሌላ መሥሪያ ቤት፣ የተማሪ ምሳ የትምህርት ቦርዱ ጉዳይ ነው። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ትራንስ ፋትን (በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገ ጎጂ ስብ) ከምግብ ቤቶች ማገድ የቻለው የካውንቲው ምክር ቤት ራሱ እንደ ጤና ቦርድ ስለሚሰበሰብ ነው (ነገሩ ይበልጥ የልብ ጉዳይ ቢሆንም መንገዱን ያሳይሻል)። የፕላን መሥሪያ ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የጤና ቢሮውን አስተያየት የጠየቀው መቼ እንደሆነ ጠይቂና ደብዳቤውን ወይም ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ በይ።

ስለ ሠራተኛና በጀት የአገር አቀፉን የጤና ባለሥልጣናት ማኅበር፣ የናቾን፣ ጥያቄዎች ተዋሺ፤ ለማነጻጸር ይረዱሻል። ሜሪላንድ ግን የባልቲሞር ከተማን ጨምሮ ያሏት ቢሮዎች 24 ብቻ ናቸው። በዚህ ቁጥር ሪግሬሽን (የነገሮችን ተዛምዶ በስታቲስቲክስ ማስላት) ምንም አይፈይድልሽም። ሁሉንም ጠይቂ፤ ከየቢሮው ኃላፊውንና መስክ የሚወጣውን ሠራተኛ ለየብቻ አነጋግሪ። በሁለቱ መልስ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ግኝት ነው።

ደግሞ የስቴቱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ስለሆነ ሜይና ጁን ላይ መጠይቅ ልከሽ መልስ አትጠብቂ።