የጥርስ ሐኪም ለመሆን የትኛው ኮሌጅ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የተነሳሁት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ነው። የኮሌጅ መልስ በሚመጣበት ሰሞን ከየቤቱ ያው ጥያቄ ስለሚመጣብኝ፣ የተጠየቅኩትን አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄን ትልቅ ስም ያለው የግል ዩኒቨርሲቲም የስቴታችን ዩኒቨርሲቲም ተቀብለውታል። የግሉ ሙሉ ክፍያ ነው። የስቴቱ ግማሹን ስኮላርሺፕ ሰጥቶታል። አባቱ «ቤቱን አስይዘንም ቢሆን ትልቁ ጋ ይግባ» ይላል። ኮሌጁን ጨርሶ ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክት የኮሌጁ ስም ይረዳዋል?

እህቴ፣ ቤቱን አታስይዙ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መራጮች በመጀመሪያ የሚያዩት ጂፒኤውን (የኮሌጅ ውጤቱን አማካይ)፣ በተለይ የሳይንሱን፣ ከዚያም ዳት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ነው። ስሙን ጭራሽ አያዩም አልልም። ከከባድ ትምህርት ቤት የመጣ 3.6 እና ከቀላል የመጣ 3.6 ጎን ለጎን ከቀረቡ ወደ አንዱ ሊያደሉ ይችላሉ። ግን ስም 3.1ን 3.6 አያደርገውም። የሚገቡት ልጆች አማካይ ደግሞ 3.6 አካባቢ ነው።

ገንዘቡም አለ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ለጥርስ ሕክምና ተማሪ የፌዴራሉ ብድር ጣሪያ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። አራቱን ዓመት ከነኑሮው ከ400,000 በላይ የሚያስወጡ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ብዙ ናቸው። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ቤቱ ያኔ ይፈለግ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ይንቃሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

አይንቁም፤ ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚቀበሉትን ክሬዲት በ60 የሚገድቡ አሉ። ዋና ዋናዎቹን ሳይንሶች ከአራት ዓመት ኮሌጅ ብትወስድ ይሻላል የሚሉም አሉ። ልታመለክትባቸው የምታስባቸውን ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ አሁኑኑ ክፈትና አንብብ።

እኔ ጀነራል ባዮሎጂና ጀነራል ኬሚስትሪን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሼ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ባዮኬሚስትሪን ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ ትራንስፈር ካደረግኩ በኋላ ወሰድኩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን አያድርስ ነው። በመጀመሪያው ሰሜስተር ሦስት ሳይንስ ተሸከምኩ። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ኦርጋኒክን ሲ ይዤ ወጣሁ። ችግሩ ሲው ብቻ አይደለም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኤ ሲደረድር ቆይቶ ትልቁ ቤት ሲገባ የሚወርድ ልጅ፣ «ያ ኤ እውነተኛ ነበር?» ያሰኛል። አንተ በመጀመሪያው ሰሜስተር ቀለል አድርገህ ግባ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሲውን ደግመው አላስተካከሉትም?

ደግሜ ኤ አገኘሁ። ኮሌጄም የመጀመሪያውን ከጂፒኤዬ አወጣልኝ። የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ፣ አድሳስ የሚባለው፣ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። ኤ 4፣ ሲ 2፤ ክሬዲቱ እኩል ከሆነ አማካዩ 3 ነው። ማለትም ቢ። ሃይስኩል ሳላችሁ የወሰዳችሁት የኮሌጅ ኮርስም እዚያው ይገባል። በ16 ዓመታቸው «እስቲ ልሞክረው» ብለው የወሰዱት ኮርስ በ21 ዓመታቸው የሚያሳድዳቸው ልጆች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሜጀሬ ባዮሎጂ መሆን አለበት?

የለበትም። የሚጠየቁትን ሳይንሶች ውሰድ እንጂ ታሪክም ብታጠና ማንም አይከለክልህም። ኤ የምታመጣበትን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ስሙ ብዙ ካልጠቀመ ኮሌጅ ስንመርጥ ምኑን እንይ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መጀመሪያ የማየው ማን ደብዳቤ እንደሚጽፍልህ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከሳይንስ መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። 300 ሰው ባለበት አዳራሽ ፕሮፌሰሩ ስምህን አያውቅም። በቢሮ ሰዓቱ ካልሄድክ የሚጽፍልህ «ኤ አግኝቷል» ብቻ ነው። ያንን ትራንስክሪፕቱም ይናገራል። ትንሽ ኮሌጅ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ኮሌጆች ለጤና ሙያ አመልካቾች ኮሚቴ አላቸው፤ ኮሚቴው በኮሌጁ ስም አንድ ደብዳቤ ያወጣል። ኮሚቴ ያለበት ቤት ተምረህ የሱን ደብዳቤ ካላቀረብክ «ለምን?» ልትባል ትችላለህ። ከመግባትህ በፊት ጠይቅ፦ ኮሚቴው ለሁሉም ይጽፋል ወይስ ጂፒኤ ዝቅ ያለበትን ይመልሳል? ብዙ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ደርሶ ነው ይሄን የሚሰማው።

የኮሌጁ ስም ካልታወቀ ዳት አለላችሁ። ከየትም ምጡ፣ ፈተናው አንድ ነው። ከማርች 2025 ወዲህ ውጤቱ ከ200 እስከ 600 ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድም «እኔ 21 አምጥቻለሁ» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የድሮው መለኪያ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። ልጄ ሌላ ስቴት ሄዳ ብትማር ችግር አለው?

ለኮሌጁ ችግር የለውም፤ ነዋሪነቷን ግን ጠብቁላት። የመንግሥት የሆኑ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለስቴታቸው ልጆች ያደላሉ፤ ክፍያውም ይቀንሳል። የእናንተው ሪችመንድ ያለው ቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) ነው። የእኛው ባልቲሞር ያለው ነው፤ በ1840 ሲቋቋም በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነበር። (ትንሽ ልኩራ እንጂ!) ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የግል ስለሆነ ስሌቱ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በጥርስ ሕክምና ተመርቄ ነው የመጣሁት። እንደገና ከባችለር ልጀምር?

ኧረ በፍጹም! እንደ አዲስ ተማሪ አታመልክት። በውጭ አገር ለተመረቁ ሐኪሞች የተዘጋጁ፣ በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚፈጁ ፕሮግራሞች አሉ። ማመልከቻቸውም ሌላ ነው፤ ካፒድ ይባላል። ትራንስክሪፕትህን አስገምግም፣ ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናና አይኤንቢዲኢ ለሚባለው የቦርድ ፈተና ተዘጋጅ። ቦታው ጠባብ፣ ክፍያውም ውድ ነው። እስከዚያው በዴንታል አሲስታንትነት የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ፤ ቋንቋውንም አሠራሩንም እዚያ ለመዱት።

ጥያቄ፦ እኔ ሪሰርች የለኝም፣ ትልቅ ክለብም አልመራሁም። ከትምህርት ውጪ የማውቀው ሹሩባ መሥራት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ሳሎን እሠራለሁ። ምን ልጻፍ?

እሱኑ ጻፊው እንጂ! ማመልከቻው ላይ የእጅ ቅልጥፍናሽን የምትገልጪበት ቦታ አለ። ሌላው ፒያኖና ሥዕል ሲጽፍ አንቺ ቀጭን ሹሩባ ሰዓታት ሙሉ ሳታዛንፊ እንደምትሠሪ ጻፊ፤ ያውም ሰው ወንበር ላይ አስቀምጠሽ፣ እያጫወትሽ፣ «አመመሽ?» እያልሽ። ለመሆኑ የጥርስ ሐኪም ቀኑን ሙሉ ምን የሚሠራ መሰለሽ? ከጥርስ ሐኪም ጎን ቆመሽ የምታዪበትን ሰዓት ግን ጀምሪ። 100 ሰዓት የሚጠይቁ አሉ። ማክሰኞ ከሰዓት እኔ ጋ ባዶ ነው።